ለልምምድ ውጭ አገር ሲኬድ ሽርሽሩ መቼ ይሁን?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የነርሲንግ ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ የምመድብ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ከመመረቃቸው በፊት ጥቂት ሳምንታት ውጭ አገር ሆስፒታል መለማመድ የሚፈልጉ ተማሪዎች ፎርም ይዘው ይመጣሉ። በሕክምና፣ በአዋላጅነት፣ በፊዚዮቴራፒና በጥርስ ሕክምና ክፍሎችም ያው ነው። ፎርሙ ላይ የሆስፒታሉና የሱፐርቫይዘሩ ስም አለ። ከፎርሙ ጀርባ ደግሞ ሌላ ዕቅድ አይጠፋም። ተራራ፣ ሐይቅ፣ የዱር እንስሳት ፓርክ።

በዚህ ቅር አይለኝም። ያን ያህል ርቆ የሄደ ወጣት አገሩን ሳያይ ይመለስ አልልም። ጥያቄዬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የኔ አቋም ይህ ነው፦ ልምምዱ ይቅደም፣ ጉዞው ልምምዱ ሲያልቅ ይሁን። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ሸክፎ ጠፍቶ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዋርድ መግባት ይቅር። ሁለተኛም አለኝ። ትምህርት ቤትህ እንድትሠራው ያልፈቀደልህን ነገር እዚያም ሄደህ አትንካ። የሄዳችሁም እንግዳ የተቀበላችሁም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ክሩ ካሰብኩት በላይ ረዘመ። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ስለሚቸገር የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። የኔም አስተያየት በየመሃሉ አለበት።

መልስ 1

የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው። በትሕትና ነው የጀመረው። በሁለቱም ነጥብ እንደሚስማማ ገልጾ የሄደበትን ምክንያት አስረዳ። ሲቲ ስካን ቅርብ ባልሆነበት ሆስፒታል ሐኪሞቹ በእጅና በጆሮ ብቻ እንዴት እንደሚመረምሩ ማየት ፈልጎ ነበር፤ አይቷልም። ልብ የሚመረምረው ሐኪም በሽተኛውን ወደ ግራ ጎኑ አስተኝቶ፣ ስቴቶስኮፑን ብብቱ አጠገብ ይዞ፣ ክፍሉ ጸጥ እስኪል እንዴት እንደሚጠብቅ ጻፈ። የሩማቲክ ልብ ሕመምን ከመጽሐፍ ያውቀው ነበር። ድምፁን የለየው ግን እዚያ ነው። አንድ ተማሪ ለዚህ ብሎ ባሕር ቢሻገር አይቆጨኝም።

መልስ 2

የፋርማሲ ምሩቅ ናት። በምን በኩል እንደሚኬድ ነው የጻፈችው። የፋርማሲ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1949፣ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1951 እንደተመሠረቱ አስታወሰች። ሁለቱም የተማሪ ልውውጥ አላቸው። በሕክምና ተማሪዎቹ በኩል ልውውጡ በአብዛኛው ልክ በልክ ነው። አንድ ተማሪ ከዚህ ሲሄድ አንድ ከዚያ ይመጣል። የሚቀበሉህም ያገሩ ተማሪዎች ናቸው። የት እንደምታድር፣ ሆስፒታሉ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የትኛው ሲኒየር ማስተማር እንደሚወድ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው።

መልስ 3

በአገናኝ ድርጅት በኩል የሄደች የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ናት። ኤርፖርት ተቀብለዋታል፣ መኝታ አዘጋጅተዋል፣ የቅዳሜና እሑድ ጉብኝት ሳይቀር በጥቅሉ ውስጥ ነበር። ችግሩ የመጣው ሆስፒታል ስትደርስ ነው። የሚቀበላት ሰው ስንተኛ ዓመት እንደሆነች አያውቅም። ምን ተምራ እንደመጣችም አያውቅም። የመጀመሪያውን ሳምንት በኮሪደር ቆማ አሳለፈችው።

በድርጅት መሄድ ነውር የለበትም። ግን ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ከምከፍለው ውስጥ ለሆስፒታሉ ስንቱ ይደርሳል? የሚያስተምረኝ ሰው ስሜንና ደረጃዬን አስቀድሞ ያውቃል? ለዚህ ቀጥ ያለ መልስ የማይሰጥ ድርጅት የሚሸጠው የጉብኝት ጥቅል ነው፤ ነጩ ጋውን ማስጌጫ ነው።

መልስ 4፣ 5 እና 6

ቪዛ። 4 ቁጥር በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ሠርቶ እንደወጣና ማንም እንዳልጠየቀው ጻፈ። 5 ቁጥርም እኔም እንደዚያው አለ። 6 ቁጥር ሁለቱንም አረመ። ብዙ አገር ደሞዝ ባይከፈልበትም በሽተኛ መንካት ፈቃድ ይጠይቃል። ያገሩ የሕክምና ወይም የነርሲንግ ምክር ቤት ጊዜያዊ ምዝገባ የሚፈልግበትም ቦታ አለ። ያለ ምዝገባ የሠራ ተማሪ ስህተት ቢፈጠር የሙያ ኃላፊነት መድኑ ላይሸፍነው ይችላል። ምክሩ አጭር ነው፦ የሆስፒታሉ ደብዳቤ በእጅህ ሳይገባና ቪዛው ሳይመታ ቲኬት አትቁረጥ።

በ6 ቁጥር እስማማለሁ። 4 ቁጥር ያልተጠየቀው ችግር ስላልገጠመው ብቻ ነው።

መልስ 7

ይኼኛውን ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ጸሐፊዋ አዋላጅ ናት። የውጭ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ በሚመላለሱበት ሆስፒታል ትሠራለች። ጽሑፏ ረጅምም መራራም ነው።

ምጥ ላይ ያለች እናት መጋረጃው በተገለጠ ቁጥር አዲስ ፊት ታያለች። አንዱ ስሙን ሳይናገር ገብቶ እግርጌ ይቆማል። ሌላዋ ስልኳን ይዛለች። ከአልጋው በላይ የሚወራው እናቲቱ በማታውቀው ቋንቋ ነው፤ ራውንዱ፣ ሐኪሞቹ በየአልጋው የሚያደርጉት ጉብኝት፣ ለእንግዶቹ ሲባል ቋንቋ ቀይሯል። ያገሩ አዋላጅ ተማሪዎች ደግሞ ለመመረቅ የግድ ማዋለድ ያለባቸው ቁጥር አለ። እንግዳ ይቅደም ይባልና እነሱ ጥግ ይይዛሉ። ወር በገባ ቁጥር አዲስ ተማሪ ይመጣል። ጓንት የት እንዳለ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ የት እንዳለ፣ ደም የነካው ጨርቅ የት እንደሚጣል ከሀ ጀምራ ታስረዳለች። ልክ ለምዶ መጥቀም ሲጀምር ይሄዳል፤ ከመሄዱም በፊት ለሁለት ቀን ተራራ ወጥቶ ይጠፋል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ከራሷ ሥራ ላይ ቀንሳ ነው። የሚተካላት ሰው የለም።

በመጨረሻ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ልጆቹን የሚልካቸው ሰው ለእሷ ክፍል ምን ሊያደርግ እንደሚያስብ።

ጥያቄው በቀጥታ ለኔ ነው። ተማሪ የምልከው እኔ ነኝና። ለጊዜው ያለኝ መልስ ይህ ነው፦ የምልካቸው ተማሪዎች ቁጥር ክፍሉ ከሚችለው በላይ እንዳይሆን አስቀድሞ መነጋገር፣ የመግቢያ ገለጻውን እኛው ከመነሳታቸው በፊት መስጠት፣ ያገሩ ተማሪ ተራ እንዳይነካ በጽሑፍ መስማማት።

መልስ 8

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ከአውሮፓ የጻፈ የአዋላጅነት ተማሪ ነው። ለአዋላጇ ሲመልስ በእርስዎ ጀምሮ ሦስተኛው አረፍተ ነገር ላይ አንቺ ገባ። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 40 ወሊድ ራሱ ማከናወን እንዳለበት፣ በቂ ወላድ በማይገኝበት ሁኔታም ቁጥሩ ከ30 እንደማይወርድ ጠቀሰ። ጫናው ከዚያ የመጣ ነው ባይ ነው። ጓንትና መሣሪያም በሻንጣችን እናመጣለን፣ ምስጋናው ይኼ ነው ወይ ብሎ ዘጋ።

የጫናው ነገር ይገባኛል። ግን የአንድ አገር የምረቃ ቁጥር በሌላ አገር እናቶች ላይ አይሟላም። አንድ ካርቶን ጓንትም የአልጋ ዳር ተራ አይገዛም።

መልስ 9

አንድ አንጋፋ ሐኪም ሁለቱን ለማብረድ ገቡ። ሁለቱንም እንደ ልጆቻቸው ነው ያናገሯቸው። በዓለም አቀፍ የጤና ሥልጠና የሥነ ምግባር መመሪያ ላይ የሠራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን ሰነድ አነሡ። ሰነዱ የሚናገረው ለተማሪው ብቻ አይደለም። ላኪው፣ ተቀባዩና ገንዘብ የሚሰጠው አካልም ግዴታ አለባቸው። የተቀባዩ ወጪ፣ የሰው ጊዜ ጭምር፣ መታሰብ አለበት። ጥቅሙም የሁለቱም ወገን መሆን አለበት። ዶክተሩ 7 ቁጥር የጻፈችው ቅሬታ ሰነዱ ውስጥ ቀድሞ ያለ ነገር እንደሆነ አስረዱ። 8 ቁጥርንም ንግግሩን እንዲያለዝብ በቀስታ ገሠጹት።

መልስ 10

አዋላጇ ተመለሰች። ቁጣዋ በርዷል። የማትረሳት አንዲት ተማሪ እንዳለች ጻፈች። ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችው እናቶችን እንዴት እንደምትሰላምና የት ጋ ያማል ብላ እንዴት እንደምትጠይቅ ነበር። ለቀናት የሠራችው የደም ግፊትና ሙቀት መለካት ነው። ማታ ላይ ያገሩ ተማሪዎች ለፈተና ሲያጠኑ አብራ ታጠናለች። ማዋለድ የጀመረችው ክፍሉ ራሱ ነይ ብሎ ሲጠራት ነው። ከሄደች በኋላም ቃል የገባችውን የሥልጠና ጽሑፍ ላከች። 8 ቁጥር ይቅርታ ባይጠይቅም ለዚህኛው መልስ የአድናቆት ምልክት አድርጓል።

መልስ 11

አንዲት የሕክምና ተማሪ ወደ ሁለተኛው አቋሜ መለሰችን። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሬዚደንት ከጀርባ አጥንት መሃል ፈሳሽ እንድትወስድ፣ በዋርድ አጠራር ኤልፒ እንድትሠራ፣ መርፌውን ሰጥቷት ሊሄድ ነበር። እሷ ከዚያ በፊት ያየችው እንጂ የሠራችው አልነበረም። መርፌውን ትሪው ላይ መለሰችው። ማየት እንጂ መሥራት እንዳልተፈቀደላት፣ እሱ ሲሠራ ግን በሽተኛውን አቅፋ እንደምትይዝ ነገረችው። እሱም ቅር አላለውም፤ ቁጭ ብሎ እያስረዳ ሠራው። ከሁሉ የበለጠ የተማረችበት ቀን ያ እንደሆነ ጻፈች።

ተማሪዎቼን የምመክረው ይህንኑ ነው። አልችልም ስትል የምትሠራውን አብረህ ንገር።

መልስ 12 እና 13

12 ቁጥር ጠንከር ያለ ሙግት አመጣ። ሐኪም በሌለበት ሰው ሲሞት ተማሪ ቆሞ ይይ ወይ? 13 ቁጥር፣ ልምድ ያላት የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ለየችው። ድንገተኛ ሲሆን የሠለጠንክበትን ታደርጋለህ፤ የመተንፈሻ መንገድ ትከፍታለህ፣ ደረት ትጫናለህ፣ ደም ታቆማለህ፣ ሰው ትጠራለህ። ሊጠበቅ የሚችልን ፕሮሲጀር ለመለማመድ ብሎ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን እያነሱ ሁለተኛውን መሸፈን እንደሰለቻት በግልጽ ጻፈች። ትክክል ናት።

መልስ 14

ክሩን ዝም ያሰኘው ይኼ ነው። የነርሲንግ ተማሪ ናት። ልምምዷ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶት፣ በማግስቱ ንጋት ወደ ኪሊማንጃሮ የሚሄድ መኪና ውስጥ ቦታ ይዛ ነበር። ማታ ላይ ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠውን ቀጭን ቱቦ፣ በመርፌው ስታስገባ በሽተኛው እጁን መነጨቀ። መርፌው ጓንቱን በስቶ አመልካች ጣቷ ላይ ገባ። ሴፍቲ ቦክሱ ከክንዷ ርቆ፣ ከአልጋው ማዶ ነበር።

በሳሙናና በውኃ ታጠበች። ከዚያ ጓደኛዋ ነገ ማልደን ስለምንነሳ ስንመለስ ትነግሪያለሽ አለቻት። እሷ ግን ያኔውኑ ተረኛውን ነርስ ቀሰቀሰች። በሽተኛው ፈቅዶ ተመረመረ፤ ኤችአይቪ ነበረበት። የመጀመሪያውን የመከላከያ መድኃኒት፣ ፔፕ የሚባለውን፣ እዚያው ሌሊት ዋጠች። ተራራው ቀረ። መድኃኒቱ 28 ቀን የሚወሰድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በማቅለሽለሽ አሳለፈቻቸው። ቆይታ ስትመረመር ነጻ ናት።

ጓደኛዋን አልወቀሰችም። እኔ ግን ስለ ቅደም ተከተል የተከራከርኩት ለዚህ ነው። ፔፕ መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ቢሆን ደግሞ እጅግ ይሻላል። ተራራ ላይ ሆኖ 72 ሰዓት ምንም አይደለም። በማግስቱ መኪና የሚጠብቀው ተማሪ የሚያመውን ነገር ለነገ ማሳደር ይቀናዋል።

መልስ 15

አንድ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ጥቂት ነገር ጨመረ፣ አንዳንዱንም አረመ። ሰዎች መርፌ ሲወጋቸው ጣታቸውን ይጨምቃሉ፤ መጭመቅ አያስፈልግም፣ ማጠብ ይበቃል። ኤችአይቪ ካለበት ሰው በመርፌ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው። ክትባት ላልወሰደ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይከፋል። ክትባቱ የተለመደው ሦስት ጊዜ ሆኖ ስድስት ወር ስለሚፈጅ በሄዱበት ሳምንት አይጀመርም። የሚሄዱበት ሆስፒታል ፔፕ ከሌለው የጀማሪ ጥቅሉን ከቤት ይዞ መሄድ አለ። የቲቢ ምርመራም ከመሄድ በፊትና ከተመለሱ ከ8 እስከ 10 ሳምንት በኋላ ይደረግ አለ። ከተመለሱ በኋላ ከዚያ ቀድሞ ከተደረገ ኢንፌክሽኑ ላይታይ ይችላል።

መልስ 16 እስከ 19

ወሬው ወደ ጉዞ ሄደ። እዚህ ብዙ አልቆይም። 16 ቁጥር ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን እየዋጠ ባሕር ዳር ተኝቶ ቆዳው ተላጠ፤ መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ እንደሚያጋልጥ አልተነገረውም። 17 ቁጥር ደግሞ ዶክሲሳይክሊን የወባ አገሩን ከለቀቁ በኋላም አራት ሳምንት እንደሚቀጥል አስታወሰች። ልምምዱን ብቻ ቆጥሮ ለጉዞው ክኒን የሚያጥረው ብዙ ነው። 18 ቁጥር በማላዊ ሐይቅ ዋኝቶ ቢልሃርዚያ ይዞት ተመልሷል። 19 ቁጥር ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት መፈለግ እንደሚገባ ጻፈ። ከአንዱ ተሞክሮ ሌላው ቢማር ክፋት የለውም።

መልስ 20

ሹል ነው። ጸሐፊው ከእነዚሁ ተቀባይ አገሮች በአንዱ የተማረ ወጣት ሐኪም ነው። እስካሁን ስለ ፀሐይና ሐይቅ ስናወራ አንድም ሰው ጉዞው በተቃራኒው ሲሆን ምን እንደሚመስል አለመጠየቁ አናዶታል። የሀብታም አገር ተማሪ እሱ ሆስፒታል ሲመጣ በሁለተኛው ቀን እጁን ታጥቦ ይገባል። እሱ ወደዚያ ለመሄድ ሲሞክር የቪዛ ቃለ መጠይቅ፣ የባንክ መግለጫ፣ የቋንቋ ፈተና፣ የማመልከቻ ክፍያ ነበረ። አሜሪካ ውስጥ ሕመምተኛ የሚያስነኩት ኤሌክቲቮች፣ ተማሪው መርጦ የሚሄድባቸው ልምምዶች፣ በአብዛኛው ገና ላልተመረቀ ተማሪ ናቸው። የተመረቀ ሰው የሚያገኘው ታዛቢነት ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ማየት። ገንዘቡን ሲያጠራቅም ተመረቀ፣ ስለዚህ ታዛቢ ሆኖ ሄደ።

ቁጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱም በኩል የሚተኛው በሽተኛ ሰው ነው። አንዱ ዘንድ ሕጉ የጠበቀው በሽተኛውን ለመጠበቅ ከሆነ፣ ሌላው ዘንድ ያለውም ያው ጥበቃ ይገባዋል። ልክ በልክ የሆነውን ልውውጥ የምደግፈውም ለዚህ ነው። እኛ አንድ ተማሪ ስንልክ አንድ ለመቀበል፣ ለቪዛውም ደብዳቤ ለመጻፍ ዝግጁ መሆን አለብን።

መልስ 21

የመጀመሪያውን አቋሜን የሞገተች የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። በጨዋ ደንብ ነው። ቅዳሜና እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነበር። ወጥታ አገር እንድታይ የገፋፏት አብረዋት የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ አንድ ጊዜም አብረው ሄደዋል። መንገድ ላይ የነገሯትን ነገር፣ ሰው ጥርሱን ለማሳከም ለምን እንደሚዘገይ፣ ክሊኒክ ውስጥ አትሰማውም ነበር። ሱፐርቫይዘሩ የሚያውቀው፣ የማንንም ተረኛ የማያጎድል የዕረፍት ቀን ከሆነ አልቃወምም። የምቃወመው ከፕሮግራሙ ላይ የሚሰረቀውን ቀን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማታ መንገድ አትውጡ። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል የመጀመሪያው የመንገድ አደጋ ነው።

መልስ 22፣ 23 እና 24

22 ቁጥር መሄድ የምትፈልግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለሆስፒታል ምን ብላ እንደምትጽፍ ጠየቀች። መልሱን የሰጠቻት የ7 ቁጥሯ አዋላጅ ናት። ስምሽንና ዓመትሽን ጻፊ። እስካሁን ራስሽ የሠራሽውን፣ ቆመሽ ብቻ ያየሽውን ለይተሽ አስቀምጪ። መማር የምትፈልጊውን አንድ ሁለት ነገር ንገሪን። መቼ ብመጣ አላስቸግርም ብለሽ ጠይቂ። የጉዞ ዕቅድ ካለሽም አትደብቂው፣ ቀኑን ጻፊው።

ልጅቷ ልክ እንደተባለችው ጽፋ ላከች። 24 ቁጥር ላይ ተመልሳ ውጤቱን ነገረችን። ሆስፒታሉ በመረጠችው ወር ያገሩ ተማሪዎች የዋርድ ፈተና ስላለባቸው አትምጪ ብሎ፣ ከዚያ ሁለት ወር ዘግይቶ ያለውን ጊዜ ሰጥቷታል። የ6 ቁጥርን ምክር ሰምታ ቲኬት አልቆረጠችም ነበር። እሺ ብላ መልሳለች፤ አሁን የመጀመሪያውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ልትወስድ ነው።